ልጅ ሲጨነቅ፦ ከልጁ ሳይሆን ከወላጅ የሚጀምር መንገድ

«እማዬ፣ በሩ ተቆልፏል?»
«ተቆልፏል።»
«በዓይንሽ አይተሻል?»
«አይቻለሁ።»
«እስቲ ድጋሚ እዪው።»

ሄጄ እጀታውን ነቅነቅ አድርጌ እመለሳለሁ። አንዳንድ ማታ ድምፁ ክፍሏ ድረስ እንዲሰማት ቁልፉን ሆን ብዬ ጮክ አድርጌ አዞረው ነበር። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንድ ጊዜ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሰባት ደረሰ። እኔ እያረጋጋኋት መስሎኛል። በእርግጥም ትረጋጋለች፤ ለአምስት ደቂቃ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ማታ ለሚያውቁ ወላጆች ነው። መንገዱ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል የሚሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢላይ ሌቦዊትዝ «ስፔስ» ብሎ ያዘጋጀው የወላጆች ሕክምና ነው። የእኔ ድርሻ ነገሩ ቤት ውስጥ ሲሞከር ምን እንደሚመስል መናገር ነው፤ ያበላሸሁትንም ጨምሮ።

ስፔስን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፦ ሕክምና ክፍል የሚገቡት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ አይገባም። ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 የሆነ 124 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ሲቢቲ የሚባለውን፣ ልጁ ራሱ ከባለሙያ ጋር እየተገናኘ አስተሳሰቡንና ድርጊቱን የሚለማመድበትን የታወቀ ሕክምና አገኘ። በሌላኛው ወገን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት የተመላለሱት ወላጆች ብቻ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሲታይ የወላጆቹ መንገድ ከልጆቹ ሕክምና አላነሰም። ልጇ «ባለሙያ ጋ ብሞት አልሄድም» ላለቻት እንደኔ ላለች እናት ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም።

ለምን ሠራ? ልጅ ሲፈራ የሚሮጠው ወደ ወላጁ ነው። ጨቅላ ራሱን ከአደጋ ማዳን ስለማይችል ያለቅሳል፣ ወላጅ ይደርሳል፤ ተፈጥሯችን ነው። የሚጨነቅ ልጅ ይህን ጥሪ አደጋ በሌለበትም ያሰማል፣ ወላጅም እንደለመደው ይደርሳል። በር ይፈትሻል፣ አጠገቡ ይተኛል፣ እንግዳ ሲያናግረው በልጁ ፈንታ ይመልሳል፣ ውሻ ያለበትን መንገድ ዞሮ ይሄዳል። እኔ ይህን «ለጭንቀት ማመቻቸት» እለዋለሁ። ማሞላቀቅ ግን አይደለም። የሚሞላቀቅ ልጅ የፈለገው ይሰጠዋል፤ የሚጨነቅ ልጅ የሚሰጠው ማምለጫ ነው። ባመለጠ ቁጥር ሁለት ነገር ይማራል፦ ነገሩ በእርግጥም አደገኛ እንደነበር፣ እሱም ብቻውን እንደማይወጣው።

ጥፋቱ የወላጅ ነው ማለት አይደለም። ባልዲ ይዞ የሮጠ ሰው እሳቱን ለኮሰ አይባልም። ጭንቀት በዘር፣ በተፈጥሮ ጠባይ፣ በሕይወት ገጠመኝ ይመጣል። እዚህ ወላጅ የተፈለገው ሊለውጠው የሚችለው ነገር በእጁ ስላለ ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፍርሃቱ እውነተኛ ምክንያት እንደሌለው አረጋግጡ። ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ልጅ እዚያ የሚደበድበው ካለ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መቅረት የማይፈልግ ልጅ ያ ሰው የሚያደርስበት ነገር ካለ፣ የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው እንጂ ይህ መመሪያ አይደለም። በየጠዋቱ ሆዴን አመመኝ የሚል ልጅም አንድ ጊዜ ሐኪም ይየው። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ፣ ምግብ የተወ፣ ከሁሉ ሰው የሸሸ ልጅ ካላችሁ ቀጥታ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት መጻፍ ብቻ

ደብተር ያዙ፤ ስልክም ይሆናል። በዚህ ሳምንት ምንም አትቀይሩ። አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ መቼ፣ ልጁ ምን አለ ወይም አደረገ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ። ጠዋት፦ ሆዴን አለች። ከትምህርት ቤቱ በር አልፌ ክፍሏ ድረስ ሸኘኋት። 15 ደቂቃ። ቀን፦ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ "ትመጫለሽ አይደል?"። ሁለቱንም ጊዜ ሥራ አቋርጬ አነሳሁ። ማታ፦ የበር ጥያቄ 6 ጊዜ። አጠገቧ ጋደም አልኩ፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ዓይናችሁ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚታያችሁ ልጁ ሲጠይቅ የምታደርጉት ነው፤ መመለሱ፣ መፈተሹ፣ አጠገቡ መተኛቱ። የተደበቀው ሌላኛው ነው፦ ልጁ ሳይጠይቅ፣ ቤቱ ራሱ ለጭንቀቱ ሲል የቀየረው ሥርዓት። ባለቤቴና እኔ ማታ አብረን ከወጣን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ መውጣት እንደሚቻል ረስተነው ነው። እንዲህ ያለውን ለማግኘት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ልጄ ጭንቀት ባይኖርባት ይህን አደርገው ነበር?»

ሁለት ወላጆች ካላችሁ ለየብቻ ጻፉና በሳምንቱ መጨረሻ አስተያዩ። የእኛ ሁለት ዝርዝሮች የአንድ ቤት አይመስሉም ነበር። እሱ የማያውቀው የእኔ ሥራ ነበር፣ እኔ የማላውቀው የእሱ። በየምሳ ሰዓቱ እንደምትደውልለት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ደረጃ 2፦ ሁለት ግማሽ ያለው ንግግር

ምንም ከመቀነሳችሁ በፊት አነጋገራችሁን ቀይሩ። ሌቦዊትዝ «ድጋፍ» ሲል አንድ የተለየ ነገር ማለቱ ነው፦ መረዳትና እምነት በአንድ ላይ። መረዳት ማለት ፍርሃቱ እውነተኛ ስሜት እንደሆነ ማወቃችንን መናገር ነው፤ እምነት ማለት ደግሞ ልጁ ስሜቱን ችሎ እንደሚያልፈው ማመናችንን።

አንዱ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። «ውይ የኔ ልጅ፣ ፈራሽ አይደል? በቃ ይቅር» መረዳት አለው፣ እምነት የለውም። «ምን የሚያስፈራ ነገር አለ? ትልቅ ልጅ አይደለሽ?» እምነት ያለው ይመስላል፣ መረዳት ግን የለውም። ሁለቱንም የማይዝ ሦስተኛ ደግሞ አለ፣ በጣም የምንወደው፦ «ምንም አይፈጠርም።» ይህ ስለ ዓለም የሚሰጥ ዋስትና ነው፤ ስለ ልጁ አንዳች አይልም። የሚጨነቅ ልጅ ደግሞ ለዋስትና ሁሌም የሚቀጥል ጥያቄ አለው።

«አይዞሽ» ላይ ትንሽ ልቁም። ጥሩ ቃል ነው፤ በውስጡ ሁለቱም ግማሾች ሊኖሩ ይችላሉ። ግን ራሴን ሳዳምጥ ብዙውን ጊዜ የምለው ወሬውን ለመዝጋት ነበር። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ማለት «በቃ ዝም በይ» ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ልጅ ደግሞ ልዩነቱን ከድምፅ ትለያለች።

የሚሠራው ዓይነት እንዲህ ነው፦ «መፍራትሽን አውቃለሁ። እንደምትችዪውም አውቃለሁ።»

«ግን» እንዳልገባበት ልብ በሉ። «መፍራትሽን አውቃለሁ፣ ግን ትችያለሽ» ሲባል የመጀመሪያው ግማሽ ይሰረዛል፤ ልጅ የምትሰማው «ግን»ን ብቻ ነው። ይህችን ትንሽ «ም» ያዙ፣ ሥራ ትሠራለች። ሌላው ደግሞ «መቻል» ነው። በአማርኛ መቻል ማድረግ መቻልም ነው፣ ችግርን መሸከምም ነው። እዚህ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። «አትፈሪም» እያልናት አይደለም፤ እየፈራችም ትችለዋለች እያልን ነው። በፍርሃት ውስጥ ሳለች እንዳትፈራ መጠየቅ እያስነጠሳት እንዳታስነጥስ መጠየቅ ነው።

ለሰባት ወይም ለዐሥር ቀን ይህን ብቻ ተለማመዱ። በሩን ፈትሹ፣ አጠገቧ ተኙ፣ እንደወትሮው፤ ንግግሩ ብቻ ይቀየር። ሰው ሠራሽ ይመስላል፣ አፍ ላይ ይከብዳል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲለው ከወረቀት የሚያነብ ይመስል ነበር፣ ልጃችንም «አባዬ ምን ሆንክ?» አለችው። ይሁን። ልጆች «አልችልም!» ብለው ሲመልሱም አትከራከሩ። ያመኑበት መሆኑን ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ መናገሩ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ አንድ ብቻ መምረጥ

ከዝርዝሩ አንድ ማመቻቸት ምረጡ። ብዙ ወላጅ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ በጣም የሰለቸኝን፣ ማለትም አብሮ መተኛትን መረጥኩ። በሦስተኛው ሌሊት ተሸንፌ ተመለስኩ፤ ያተረፍነው ነገር ቢኖር እሷ ይበልጥ መፍራቷ፣ እኔ ይበልጥ ማፈሬ ነው።

ጥሩ ምርጫ አራት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ቢቻል በየቀኑ የሚያጋጥም ይሁን፤ በወር አንዴ የሚመጣ ነገር ላይ መለማመድ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ በእናንተ እጅ ያለ ይሁን። «ልጁ ብቻውን ይተኛ» የልጁ ድርጊት ነው፣ በእጃችሁ አይደለም። «በሩን ደግሜ አላይም» ግን የእኔ እግር ነው። ሦስተኛ፣ ቤቱን በእርግጥ የሚያስቸግር ይሁን፤ ማንንም የማይጎዳውን ትንሽ ነገር ለማንሳት ይህን ሁሉ መከራ ማየት ዋጋ የለውም። አራተኛ፣ እስከ መጨረሻው እንደምትዘልቁበት የምታምኑበት ይሁን። ከሁሉ የከበደውን ለኋላ አቆዩት። እኛ በሁለተኛው ሙከራ ወደ በሩ ተመለስን።

ይህ ሁለተኛው ጠባይ የመንገዱ ሁሉ ልብ ነው። ልጁ እንዲያደርግ የሚታዘዝ አንድም ነገር የለም። እምቢ ሊለው የሚችለው ትእዛዝ ስለሌለ ጠብም ሊኖር አይገባም፤ ቢኖርም ለማሸነፍ ልጁን መግፋት አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 4፦ ዕቅዱን በወረቀት

«ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ አልመልስም» ዕቅድ አይደለም። ድካም በተጫናችሁ ሰዓት የሚያከራክር ቀዳዳ ያለበት ዕቅድ ያን ሌሊቱኑ ይፈርሳል። ምን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ጊዜ፣ ማን፣ በምትኩስ ምን ይደረጋል? የእኛ ይህ ነበር፦ በሩ ማታ አንዴ ይቆለፋል፤ ልጅቷ ስለ በሩ ስትጠይቅ የተጠየቀው ሰው አንድ ጊዜ «ተቆልፏል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስትጠይቅ «መፍራትሽን አውቃለሁ፣ እንደምትችዪውም አውቃለሁ» ይላል፣ ይህም አንድ ጊዜ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የለም፤ ፊታችን አይቆጣም፣ አንኮርፍም፣ ድምፅ ግን የለም። ወደ በሩ የሚሄድ ሰውም የለም።

የቤቱ ሌላ ሰው ዕቅዱን ማወቅ አለበት። አያት ወይም አክስት አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ በተለይ፤ እናት የዘጋችውን በር አያት በርኅራኄ ሲከፍቱት ልጅ ወደ ማን እንደሚሄድ ወዲያው ያውቃል።

ደረጃ 5፦ ለልጁ መንገር

ዕቅዱ ድንገት መሆን የለበትም። ከጭንቀቱ ሰዓት ርቃችሁ፣ ሁሉም ሰላም በሆነበት ጊዜ ንገሩት። ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩ ነው፤ የመኝታ ሰዓት አይሆንም። ጽፎ ማንበብ ይመረጣል። ጽሑፍ አይንተባተብም፣ በክርክር መሃል አይለወጥም፣ ልጁም በኋላ ብቻውን ሊያየው ይችላል። የእኛ ደብዳቤ ይህ ነበር፦

«የኔ ልጅ፣
ማታ ማታ በሩ አልተቆለፈ ይሆን እያልሽ እንደምትፈሪ እኔና አባትሽ እናውቃለን። በጣም የሚከብድ ስሜት እንደሆነ ይገባናል። ችለሽ እንደምታልፊውም እናውቃለን።
እስካሁን በጠየቅሽን ቁጥር እየሄድን በሩን ስናይ ነበር። የረዳንሽ መስሎን ነው። እንዲህ ማድረጋችን ፍርሃቱን እንዳበረታው አሁን ገብቶናል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ በሩን ማታ አንድ ጊዜ እንቆልፋለን። ስትጠይቂን አንድ ጊዜ እንመልስልሻለን። ከዚያ በኋላ ሄደን አናይም፣ ስለ በሩም አንመልስም።
ቅጣት አይደለም፤ ምንም አላጠፋሽም። መጀመሪያ ላይ ሊከብድሽ ይችላል። በጣም እንወድሻለን።
እማዬና አባዬ»

«አትጠይቂን» የሚል ቃል እንደሌለበት እዩ። መጠየቅ የእሷ መብት ነው። ስናነብላት ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትተን ወሬ ቀየርን። ማሳመን፣ ማስፈረም፣ «ተስማማሽ?» ማለት አያስፈልግም። እሑድ ጠዋት ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ አልጋዋ ሥር አገኘሁት፣ መልሼ እዚያው አኖርኩት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ሰኞ ማታ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፣ እንደ ዕቅዱ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ዝም ስል መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰላት። ከዚያ ልቅሶው መጣ፣ ከዚያ «አትወጂኝም»። አርባ ደቂቃ። ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጬ እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከትቻቸው ነበር፤ ካልያዝኳቸው ተነስተው በሩን የሚነቀንቁ ይመስለኝ ነበር። አንጀቴ አልቻለም ብል ውሸት አይደለም። ግን አልሄድኩም። አራተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ባሰ።

ይህ መባሱ የሚጠበቅ ነው። የመብራት ማብሪያውን ስንጫን አልበራ ካለ እንደገና፣ ጠበቅ አድርገን፣ ደጋግመን ነው የምንጫነው። ልጅም ድሮ ይሠራ የነበረውን ጥሪ ከመተዉ በፊት ጮክ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ብትሸነፉ ልጁ የሚማረው አርባ ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ነው። ብትሸነፉም ግን ዓለም አያልቅም፤ በማግስቱ ያለ ስብከትና ያለ ይቅርታ ዕቅዱን ካለበት ቀጥሉ።

በአምስተኛው ሌሊት ሳልጠብቀው ተነስታ በጨለማው ኮሪደር እኔን አልፋ ራሷ በሩን ነካችና ተመለሰች። ላስቆማት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ዕቅዱ ስለ እኔ እግር እንጂ ስለ እሷ እግር እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። በኮሪደሩ ብቻዋን በጨለማ ስትሄድ ያን ዓመት ያየኋት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄው አንድ ሆነ፣ አንዳንድ ማታም ጭራሽ ይረሳል።

በእነዚህ ቀናት የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ንግግር ነው። ማስረዳት አቁሙ፤ በጭንቀት መሃል ያለ ልጅ ክርክርን እንደ ተስፋ ነው የሚያየው፣ ወሬው እስካለ በሩም ሊታይ ይችላል። ልጁ ከተሳደበ ወይም ከተማታ በዚያው ሰዓት አትፍረዱ፤ ራሳችሁንና ሌሎቹን ልጆች ጠብቁ፣ ዞር በሉ፣ ስለ መማታቱ በማግስቱ ነገሩ ሲበርድ በአጭሩ ተነጋገሩ። ራሱን እንደሚጎዳ ከተናገረ «ለማስፈራራት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፣ የሚጎዳ ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ባለሙያ ያነጋግረው፤ ዕቅዱ ይጠብቃል።

ጠዋት ላይ ደግሞ አመስግኑ፣ አጭር አድርጋችሁ። «ማታ ከብዶሽ ነበር፣ አለፍሽው።» ድግስ አያስፈልግም።

እናትና አባት ሳይስማሙ ሲቀሩ

በብዙ ቤት አንዱ ጠባቂ ነው፣ ሌላው ገፊ። ጠባቂው በጠበቀ ቁጥር ገፊው «አበላሽተሻት» ይላል፤ ገፊው በገፋ ቁጥር ጠባቂው ይበልጥ ያቅፋል። በእኛ ቤት ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ማን ልክ እንደሆነ መወሰን ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ያ ሁለት ግማሽ ያለው ንግግር የሚጠቅመው እዚህም ነው፦ ገፊው «መፍራትሽን አውቃለሁ»ን፣ ጠባቂዋ «እንደምትችዪውም»ን ይለማመዱ። እኔ የተናነቀኝ ሁለተኛው ነበር።

ደረጃ 7፦ ሌላ ሰው መጨመር

ቤት ውስጥ ብቻችሁን አትታገሉ። ይህ ሐሳብ ሌቦዊትዝ አብሮት ከሠራው ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃይም ኦመር ሥራ የመጣ ነው። ልጁ የሚወደው አንድ ወይም ሁለት ሰው ምረጡ፤ አክስት፣ አጎት፣ የቤተሰብ ጓደኛ። ዕቅዱን አስረዷቸውና ደውለው ወይም መልእክት ልከው እንዲህ ይበሉ፦ «ማታ ማታ እየከበደሽ እንደሆነ ሰማሁ። ኮራሁብሽ።» ምክር አይስጡ፣ አይገሥጹ። ልጁ ቢያፍርም ነገሩ የቤት ምሥጢር መሆኑ ሲቀር ሸክሙ ይቀላል፤ ለወላጆቹም ጭምር።

ደረጃ 8፦ ቀጣዩ ዕቅድ፣ የልጁም ሙከራ

አንዱ ከሰከነ በኋላ ከዝርዝሩ ሁለተኛውን ያዙ። ደብዳቤ፣ ቀን፣ ዕቅድ፤ ሥርዓቱ ያው ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ይፈጥናል።

በዚህ መሃል ልጁ ራሱ አንድ ነገር መሞከር ከፈለገ ሌላ መሣሪያ አለ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ካቲ ክሬስዌል ለዓመታት የሠራችው ወላጆች ሲቢቲን ራሳቸው እንዲያካሂዱት በማሠልጠን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናቷ 444 ቤተሰቦችን የያዘ ነበር፦ ወላጆች በኢንተርኔት እየተማሩ፣ ባለሙያ ከጎናቸው ሆኖ በአጭሩ እየረዳቸው የተሠራው ሕክምና ከተለመደው አላነሰም፣ የባለሙያውንም ጊዜ ቆጥቧል። ከእሷ መንገድ የወሰድኩት መንገርን ትቶ መጠየቅን ነው። ከሙከራው በፊት፦ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» ከሙከራው በኋላ፦ «ታዲያ ምን ሆነ?» መልሱን እኛ አንሞላም። ልጄ የክፍሏን መብራት አጥፍታ ለመተኛት ስትሞክር ግምቷን ጻፈች፦ «እስኪነጋ እንቅልፍ አይወስደኝም።» በማግስቱ ከሥሩ «አላውቅም፣ ተኝቼ ነበር» ብላ ጨመረች። እኔ ብነግራት ኖሮ ትከራከረኝ ነበር።

ባለሙያ መቼ?

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በአግባቡ ሞክራችሁ ለውጥ ካላያችሁ፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ጭንቀት ወይም ድባቴ ከያዛችሁ አትጠብቁ። ወላጅ ብቻውን መሄዱ ነውር የለውም፤ «ልጄ እምቢ ስላለች እኔ መጣሁ» ማለት በቂ ምክንያት ነው።

ስለ መድኃኒት ሰው ሁሉ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ 488 ልጆችና ታዳጊዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። ከ12 ሳምንት በኋላ በግልጽ የተሻላቸው ሲቢቲ ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 55 በመቶ፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 81 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 24 በመቶ ነበሩ። መድኃኒት አንዱ አማራጭ ነው፤ ይታዘዝ አይታዘዝ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው።

ደብዳቤውን አትጣሉት

ረጅም ዕረፍት፣ ሕመም፣ ቤት መቀየር ሲመጣ ጭንቀቱ ይመለሳል፣ አሮጌው ማመቻቸትም ሳይታወቅ ሾልኮ ይገባል። ባለፈው ልጄ ሳምንት ሙሉ ታማ ስትነሳ በሩን ሁለት ጊዜ ሳየው ራሴን ያዝኩት። ያን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ፣ «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለው ላይ አዲስ ቀን ጻፍኩበትና ቅዳሜ ከሰዓት አብረን አነበብነው። በዚህኛው ጆሮዋን አልያዘችም፤ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፊደል ተሳስተሻል» ብላ እርሳስ ልታመጣ ተነሳች።